በተቀበረ የፍሳሽ ቱቦ ላይ ከመሬት በላይ የሚመጣውን ጭነት ማስላት፦ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ሰው ቱቦ ጠልቆ በተቀበረ ቁጥር የሚሸከመው ጭነት ይጨምራል ብሎ ያስባል። ለአፈሩ ክብደት ይህ እውነት ነው፤ ለከባድ መኪና ጎማ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከአናቱ በላይ 0.6 ሜትር አፈር ብቻ ያለው ቱቦ ከጭነት መኪና 80 ኪሎፓስካል ገደማ ሲደርስበት፣ 2.4 ሜትር የተሸፈነው የሚደርስበት 13 ብቻ ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ ትንሽ የሆነ መስመር ላይ የቱቦውን ክፍል (የጥንካሬ ደረጃ) የሚወስነው ጎማው ነው፤ ስሌቱም በጥንቃቄ መሠራት ያለበት እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በታች አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፦ የውስጥ ዲያሜትሩ 600 ሚሊሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 75 ሚሊሜትር የሆነ የኮንክሪት ቱቦ፣ መንገድ ሥር በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጋ፣ ከአናቱ በላይ 1.2 ሜትር የተሸፈነ። መለኪያዎቹ ኪሎኒውተንና ሜትር ናቸው። የአንድ ቶን ክብደት 9.81 ኪሎኒውተን ነው፤ አንድ ኪሎፓስካል ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ አንድ ኪሎኒውተን ነው።

መጀመሪያ መሰብሰብ ያለባቸው ቁጥሮች

የቱቦው የውጭ ዲያሜትር። ጭነት የሚያርፈው በውጭው ስፋት ላይ ስለሆነ፣ በካታሎግ የተጻፈውን የውስጥ መጠን ይዞ ማስላት የመጀመሪያው የተለመደ ስሕተት ነው። በምሳሌያችን 600 ሲደመር ሁለት ጊዜ 75፣ ማለትም 0.75 ሜትር ይሆናል።

የሽፋኑ ከፍታ። የሚለካው ከቱቦው የውጭ አናት እስከ መንገዱ ገጽ ነው። በፍሳሽ መስመር ንድፍ ላይ የሚጻፈው የውስጥ ወለሉ ከፍታ ስለሆነ፣ ከመሬቱ ከፍታ ላይ እሱን ብቻ ቀንሶ «ሽፋን» ያለ ሰው የቱቦውን ሙሉ ቁመት እንደ አፈር ቆጥሮታል ማለት ነው። በእኛ ቱቦ ይህ የ0.675 ሜትር ስሕተት ነው፤ 1.2 ሜትር የነበረውን ሽፋን 1.875 ያደርገዋል፤ የጎማውንም ጭነት በግማሽ ገደማ አሳንሶ ያሳያል። ከዚህ ሌላ ሁለት ሽፋኖችን ይጻፉ፦ መንገዱ ካለቀ በኋላ ያለውን፣ እና በግንባታው ወቅት ማሽን የሚያልፍበትን ትንሹን። ብዙ ጊዜ የሚያሰጋው ሁለተኛው ነው።

የቦዩ ወርድ። የሚለካው በቱቦው አናት ከፍታ ላይ ነው። ቦዩ ወደ ላይ እየሰፋ ቢሄድም የላይኛው ወርድ ለዚህ ስሌት አይጠቅምም።

እነዚህን ተከትሎ የአፈሩ ክብደት በኪዩቢክ ሜትር (ለረጠበ ሙሌት 19 ኪሎኒውተን የተለመደ መነሻ ነው)፣ የአንዱ ቱቦ ርዝመት፣ እንዲሁም መኪና የሚሄደው ከቱቦው ጋር ትይዩ ይሁን ወይስ ቱቦውን እያቋረጠ የሚለው መታወቅ አለበት። የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ቆይቶ ግን መልሱን ይለውጣል።

የአፈሩ ጭነት፣ ባጭሩ

የላይኛው ጭነት ብቻውን ቱቦ አይመርጥም፤ ከአፈሩ ጋር መደመር አለበት። ለግትር ቱቦ (እንደ ኮንክሪት ላለ፣ ሲጫኑት ለማይለመጥ) ዛሬም የሚሠራበት ቀመር መሐንዲሱ አንሰን ማርስተን በአሜሪካ አዮዋ ከአንደርሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ቦዩ ውስጥ የተሞላው አፈር ሲረጋ፣ ያልተነካው የቦይ ግድግዳ በፍትጊያ ይዞ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ቱቦው ላይ የሚደርሰው ከሙሌቱ ሙሉ ክብደት ያነሰ ነው።

የአፈር ጭነት = ማ × የአፈሩ ክብደት × ወርድ × ወርድ

ማ = (1 − 2.718^(−2 × ፍ × ሽፋን ÷ ወርድ)) ÷ (2 × ፍ)

ፍ የአፈሩን ፍትጊያ የሚወክል ቁጥር ነው፦ ለማይጣበቅ ጠጠራማ አፈር 0.192፣ ለአሸዋና ጠጠር 0.165፣ ውሃ ለጠገበ የላይ አፈር 0.150፣ ለተራ ሸክላ አፈር 0.130፣ ውሃ ለጠገበ ሸክላ 0.110። ሲያጠራጥር ትንሹን ይያዙ፤ ትንሽ ፍትጊያ ማለት ትልቅ ጭነት ማለት ነውና።

በምሳሌያችን የቦዩ ወርድ 1.35 ሜትር፣ ሙሌቱ ተራ ሸክላ ነው። ማ 0.794 ይወጣል፤ ጭነቱም 0.794 × 19 × 1.35 × 1.35 = 27.5 ኪሎኒውተን በሜትር።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀመሩ ቦዩ በሰፋ ቁጥር ያለ ገደብ እያደገ ይሄዳል፤ ወርዱን 1.8 ሜትር ብናደርገው 37.7 ይለናል። እውነቱ ግን ቦዩ ከተወሰነ ወርድ ካለፈ በኋላ ግድግዳው መኖሩ ለቱቦው ለውጥ አያመጣም፤ ቱቦው ሜዳ ላይ ተቀምጦ አፈር እንደተከመረበት ይሆናል። ለዚያ ሁኔታ ከፍተኛው ጭነት እንዲህ ይሰላል፦

ማ = (2.718^(0.38 × ሽፋን ÷ የውጭ ዲያሜትር) − 1) ÷ 0.38

የአፈር ጭነት = ማ × የአፈሩ ክብደት × ዲያሜትር × ዲያሜትር

በእኛ ቁጥሮች ማ 2.20፣ ጭነቱ 23.5 ኪሎኒውተን በሜትር ይሆናል። ደንቡ ሁለቱንም አስልቶ ያነሰውን መያዝ ነው፤ ስለዚህ 23.5። ቦዩ 1.05 ሜትር ቢሆን ኖሮ 20.7 ይሆን ነበር። ጠባብ ቦይ ቱቦውን ያግዘዋል ማለት ነው፤ ይሁንና ቆፋሪው በሥራው ላይ አስፍቶ እንደማይቆፍር እርግጠኛ ካልሆኑ በጠባቡ ቁጥር ቱቦ አይምረጡ።

የጎማው ጭነት እንዴት ይወርዳል

ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ ትንሽ ነው። ጭነቱ ወደ ታች በሄደ ቁጥር በአራቱም ጎን እየሰፋ ይሄዳል፤ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳናና የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር (አሽቶ) ደንብ የሚጠቀምበት የጭነት መኪና 145 ኪሎኒውተን የሚመዝን አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኝ ዘንግ) አለው፤ በእያንዳንዱ ጎን 72.5 ማለት ነው። ጥንድ ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ከጎን ወደ ጎን 0.51 ሜትር፣ በጉዞው አቅጣጫ 0.25 ሜትር ነው። በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል 1.8 ሜትር አለ። ይኸው ደንብ ሁለት ተቀራራቢ አክስሎችንም ይፈትሻል፦ እያንዳንዳቸው 110 ኪሎኒውተን፣ በ1.2 ሜትር ርቀት። የአውሮፓው ደንብ ከዚህ ይከብዳል፤ በዋናው የጭነት ሞዴሉ አንድ ጎማ 150 ኪሎኒውተን ሆኖ 0.4 በ0.4 ሜትር ላይ ያርፋል። ሥራው የሚመራበት ደንብ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ስሌት አይጀመርም፤ የአንዱን ጎማ ከሌላው ማባዣ ጋር መቀላቀል ለማንም የማይጠቅም ቁጥር ይሰጣል።

አሁን ደረጃ በደረጃ፦

1. የመስፊያውን መጠን ይያዙ። ጥሩ ሆኖ ለተጠቀጠቀ ጠጠራማ ሙሌት፣ በየ1 ሜትር ጥልቀት እያንዳንዱ አቅጣጫ በ1.15 ሜትር ይሰፋል፤ ለሌላ አፈር በ1.0 ሜትር። በደንቡ እትሞች መካከል የሚለያይ ቁጥር ስለሆነ የሚሠሩበትን እትም ይመልከቱ። ለ1.2 ሜትር ሽፋን ጭማሪው 1.38 ሜትር ነው።

2. የአንዱን ጎማ ስፋት ያስሉ። ከጎን ወደ ጎን 0.51 + 1.38 = 1.89፤ በጉዞው አቅጣጫ 0.25 + 1.38 = 1.63 ሜትር። ግፊቱ 72.5 ÷ (1.89 × 1.63) = 23.5 ኪሎፓስካል።

3. የጎረቤት ጎማ መደረቡን ይፈትሹ። ብዙ ስሌት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ሲተላለፉ ቅርብ ለቅርብ ያሉት ጎማዎቻቸው 1.2 ሜትር ብቻ ይራራቃሉ ብለን እንያዝ። የአንዱ ጎማ ወርድ 1.89 ስለሆነ ይደራረባሉ። ሲደራረቡ ሁለቱንም ጭነት በጋራ ስፋታቸው ላይ ያሳርፉ፦ 145 ÷ ((0.51 + 1.2 + 1.38) × 1.63) = 28.8 ኪሎፓስካል። በአንዱ መኪና ግራና ቀኝ ጎማ ብቻ (1.8 ሜትር ርቀት) 24.1፣ በአራቱም ጎማ አንድ ላይ 26.6 ይወጣል። ብዙ ጎማ በጨመሩ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ አማካይ ስለሚወሰድ ሊቀንስም ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም ጥምረት አስልተው ትልቁን ይያዙ።

4. ጥንዱን አክስል ይፈትሹ። በጉዞው አቅጣጫ ርዝመቱ 0.25 + 1.2 + 1.38 = 2.83 ሜትር ይሆናል። ሁለት መኪና ሲተላለፍ 220 ÷ (3.09 × 2.83) = 25.2። በዚህ ጥልቀት ነጠላው አክስል ይበልጣል። በእነዚህ ቁጥሮች ሁለቱ የሚተካከሉት 1.8 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ወሳኙ ጥንዱ ነው።

5. የመንገጫገጩን ጭማሪ ይጨምሩ። የሚሄድ መኪና ከቆመው የበለጠ ይመታል፤ አፈሩ ግን በጥልቀት ምቱን ያለዝበዋል። ጭማሪው በመቶ = 33 × (1 − 0.00041 × ሽፋን በሚሊሜትር)። 2.44 ሜትር ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ ከዚያ በታች ዜሮ ነው እንጂ አሉታዊ አይሆንም። ለ1.2 ሜትር 16.8 በመቶ ይወጣል፤ ግፊቱም 28.8 × 1.168 = 33.6 ኪሎፓስካል ይሆናል። የአንዳንድ ደንቦች የጎማ ጭነት መንገጫገጩን ቀድሞ ያካተተ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ማባዛት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው።

ይኸው ስሌት በተለያየ ሽፋን ሲሠራ፣ ጎኑ ላይ የአፈሩ ቀጥተኛ ክብደት (19 × ሽፋን) ተጽፎ፣ እንዲህ ይመስላል፤ ሁሉም በኪሎፓስካል፦

ሽፋን 0.6 ሜትር፦ ጎማ 80፣ አፈር 11፣ ድምር 91
ሽፋን 0.9 ሜትር፦ ጎማ 50፣ አፈር 17፣ ድምር 67
ሽፋን 1.2 ሜትር፦ ጎማ 34፣ አፈር 23፣ ድምር 57
ሽፋን 1.8 ሜትር፦ ጎማ 18፣ አፈር 34፣ ድምር 52
ሽፋን 2.4 ሜትር፦ ጎማ 13፣ አፈር 46፣ ድምር 59
ሽፋን 3.0 ሜትር፦ ጎማ 10፣ አፈር 57፣ ድምር 67

የመጨረሻውን ቁጥር ወደ ታች ይከተሉት። ይቀንሳል፣ 1.8 ሜትር አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። 0.9 ሜትር እና 3 ሜትር የተቀበሩ ሁለት ቱቦዎች የሚሸከሙት እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱን ጎማ ይጫነዋል፣ ሌላውን አፈር። ከ1 ሜትር በታች ባለ ሽፋን ላይ ግን መንገዱ ሲታደስ 20 ሳንቲሜትር መቀነሱ ብቻ ቱቦውን ከደህና ወደ ስንጥቅ ሊያሻግረው ይችላል። የሽፋኑ ቁጥር በንድፉ ላይ ጉልህ ሆኖ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

በሌላ መንገድ ማረጋገጥ

አንድ መልስ በአንድ ዘዴ ብቻ ተገኝቶ መታመን የለበትም። የፈረንሳዩ ቡሲኔስክ እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ቀመር አንድ ነጥብ ላይ ያረፈ ጭነት ከሥሩ በየትኛውም ቦታ የሚያደርሰውን ግፊት ይሰጣል፦

ግፊት = መ × ጭነት ÷ (ጥልቀት × ጥልቀት)

መ የሚወሰነው የጎን ርቀቱ ለጥልቀቱ ባለው ንጽጽር ነው። ንጽጽሩ 0 ሲሆን (በቀጥታ ከሥሩ) 0.4775፤ 0.5 ሲሆን 0.273፤ 1.0 ሲሆን 0.084፤ 1.5 ሲሆን 0.025፤ 2.0 ሲሆን 0.0085።

በእኛ ምሳሌ ከአንዱ ጎማ በቀጥታ ሥር፦ 0.4775 × 72.5 ÷ 1.44 = 24.0። በ1.2 ሜትር ርቀት ያለው የሌላው መኪና ጎማ (ንጽጽር 1.0) 4.2 ይጨምራል። በ1.8 ሜትር ያለው የራሱ መኪና ሌላ ጎማ (ንጽጽር 1.5) 1.3፣ የሩቁ ጎማ 0.2። ድምሩ 29.7 ኪሎፓስካል ነው፤ በመስፊያው ዘዴ ያገኘነው 28.8 ነበር። በሦስት በመቶ ብቻ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ይዞ መቀጠል ይቻላል። ልዩነቱ 30 ወይም 40 በመቶ ቢሆን ግን አንዱ ቦታ ላይ ርቀት ወይም ጥልቀት ተሳስቷል።

የቡሲኔስክ ቀመር ጎማውን እንደ መርፌ ጫፍ ስለሚቆጥር በትንሽ ሽፋን አይሠራም። ለጎማ ከ1 ሜትር በላይ ባለ ሽፋን ማመሳከሪያ ያድርጉት፤ ከዚያ ባነሰ ሽፋን የመስፊያውን ዘዴ ይያዙ። ጥቅሙ የሚጎላው ጭነቱ ከቱቦው ጎን ሲሆን ነው፤ መስመሩ በመንገድ ዳር ሄዶ ጎማው 1.5 ሜትር ርቆ ቢያልፍ ምን ያህል እንደሚደርስ በአንድ ደቂቃ ይነግራል።

ከግፊት ወደ ቱቦው

ግፊቱን ወደ ኪሎኒውተን በሜትር ለመቀየር ቀላሉ መንገድ በውጭ ዲያሜትሩ ማባዛት ነው፦ 33.6 × 0.75 = 25.2። ግትር ቱቦ ግን ጭነቱን በርዝመቱም ያሰራጫል፤ ከጎማው ሥር ያለው ክፍል ብቻውን አይሸከምም። የሚሸከመው ርዝመት፦

የሚሸከም ርዝመት = ግፊቱ በቱቦው ላይ የሚይዘው ርዝመት + 1.31 × የውጭ ዲያሜትር

መኪናው ከቱቦው ጋር ትይዩ ስለሚሄድ በቱቦው ላይ የሚያርፈው ርዝመት 1.63 ሜትር ነው። ጠቅላላ ጭነቱ 33.6 × 1.63 × 0.75 = 41.1 ኪሎኒውተን፤ የሚሸከመው ርዝመት 1.63 + 0.98 = 2.61 ሜትር። አሁን የቱቦው ርዝመት ይመጣል። ቱቦዎቹ እያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር ከሆኑ ጭነቱ መጋጠሚያውን ተሻግሮ አይሰራጭም፤ ስለዚህ በ2.5 ያካፍሉ፦ 16.4 ኪሎኒውተን በሜትር። የ1 ሜትር ቁራጭ ቱቦዎች ከሆኑ ግን ግፊቱ ቁራጩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሸፍነዋል፤ የሚሰራጭበት ቦታ ስለሌለ 25.2 ሙሉ ለሙሉ ይቆማል። ተመሳሳይ ጎማ፣ ተመሳሳይ አፈር፣ ግን በአጭሩ ቱቦ ላይ ጭነቱ ከግማሽ በላይ ጨመረ። በማንሆል አጠገብ የሚገቡትን አጫጭር ቁርጥራጮች በዚህ ዓይን ይፈትሹ።

የፕላስቲክ ቱቦ እንዲህ አያሰራጭም፤ ለእሱ ግፊቱን እንዳለ ይያዙ።

ጎማ ያልሆኑ ጭነቶች

ሰፊ ቦታ የያዘ ጭነት በጥልቀት አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ከመስመሩ በላይ 2 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ክምር 38 ኪሎፓስካል ነው። በእኛ ቱቦ ላይ 38 × 0.75 = 28.5 ኪሎኒውተን በሜትር ያሳርፋል፤ ከሁለት የሚተላለፉ የጭነት መኪኖች 16.4 በእጅጉ ይበልጣል። መኪናው ያልፋል፤ ክምሩ ግን ለወራት ይቀመጣል። የተቆፈረ አፈር፣ ድንጋይ፣ የብረት ክምችት ከመስመሩ ላይ እንዳይከመር በሥራ ንድፉ ላይ ይከለከል።

መጠነኛ ስፋት ላለው ጭነት፣ ለምሳሌ ለክሬን እግር፣ ሦስት ዘዴዎች ሦስት መልስ ይሰጣሉ። 300 ኪሎኒውተን በ1.5 በ1.5 ሜትር ሰሌዳ ላይ ያረፈ እንበል፤ ቱቦው 1.5 ሜትር ጥልቀት ላይ በቀጥታ ከሥሩ ነው። ሁለት ለአንድ በሚባለው ማስፊያ (እያንዳንዱ ጎን በጥልቀቱ ልክ ይጨምራል) 300 ÷ (3 × 3) = 33.3 ኪሎፓስካል። በቡሲኔስክ የነጥብ ቀመር 63.7። ትክክለኛው ኒውማርክ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳየው የአራት ማዕዘን ዘዴ ነው፦ ሰሌዳውን በአራት እኩል ቦታ ይክፈሉ፣ የእያንዳንዱን ሩብ ጎኖች ለጥልቀቱ ያካፍሉ፣ በማዕዘኑ ሥር ያለውን ማባዣ ወስደው በአራት ያባዙ። ማባዣዎቹ፦ ሁለቱም ጎን 0.5 ሲሆኑ 0.084፤ 0.5 እና 1 ሲሆኑ 0.120፤ ሁለቱም 1 ሲሆኑ 0.175፤ 1 እና 2 ሲሆኑ 0.200፤ ሁለቱም 2 ሲሆኑ 0.232። በእኛ ሰሌዳ 0.75 ÷ 1.5 = 0.5 ስለሆነ 4 × 0.084 × 133.3 = 44.8 ኪሎፓስካል። ሁለት ለአንዱ አማካዩን ስለሚሰጥ መሐል ላይ ያለውን ሩብ ያህል አሳንሶታል። ለከባድ ክሬን እሱን ብቻ አይመኑ።

ለባቡር ሐዲድ ስሌቱ በሐዲዱ ባለቤት ደንብ ይሠራል። የሰሜን አሜሪካው የኩፐር ጭነት በአክስል 356 ኪሎኒውተን ስለሆነ ለመንገድ የተመረጠ ቱቦ ሐዲድ ሥር አይገባም።

የግትር ቱቦ ጥንካሬ መምረጥ

በፋብሪካ ቱቦው የሚፈተነው ከላይ በአንድ መስመር ተጭኖ፣ ከሥር በሁለት ጠባብ ድጋፎች ላይ ተቀምጦ ነው። ይህ ከመሬት ውስጥ የከፋ አቀማመጥ ነው፤ ጥሩ መደላድል የቱቦውን አቅም በእጥፍ ሊያሳድገው ይችላል። የሚፈለገው የፋብሪካ ጥንካሬ ጭነቱ በመደላድሉ ማባዣ ተካፍሎ ይገኛል። ለአፈር ጭነት፦ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ያለ መደላድል 1.1፤ ከሥሩ ጠጠር ከተነጠፈለት 1.5፤ ጠጠሩ እስከ ቱቦው ወገብ ከተሞላና ከተጠቀጠቀ 1.9። ለጎማ ጭነት ከ1.5 በላይ ባይወስዱ ይመረጣል፤ በትንሽ ሽፋን ግፊቱ አናቱ ላይ ስለሚጠብ መደላድሉ የሚያግዘው ያነሰ ነው።

የሚሞላውን ውሃም ይደምሩ፦ በ600 ሚሊሜትር ቱቦ 2.8 ኪሎኒውተን በሜትር። ለትንንሽ ቱቦዎች ይተዋል፤ በዚህ መጠንና ከዚያ በላይ ግን መልሱን ይለውጣል።

እስከ ወገቡ በጠጠር፦ (23.5 + 2.8) ÷ 1.9 + 16.4 ÷ 1.5 = 24.8 ኪሎኒውተን በሜትር። የኤኤስቲኤም ሲ76 (የአሜሪካ የብረት አርማታ ኮንክሪት ቱቦ ደረጃ) ክፍሎች በውስጥ ዲያሜትር ስለሚጻፉ በ0.6 ያካፍሉ፦ 41.3። በሜትሪኩ እትም 0.3 ሚሊሜትር ስንጥቅ የሚያመጣው ጭነት ለክፍል 2 50፣ ለክፍል 3 65፣ ለክፍል 4 100፣ ለክፍል 5 140 ነው። ክፍል 2 ይበቃል፤ ትርፍም አለው።

መደላድሉ ተዘሎ ቱቦው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቢቀመጥ፦ 42.7 ÷ 1.1 = 38.8፣ በ0.6 ሲካፈል 64.7። ክፍል 3 በአፍንጫው ልክ ነው፤ ክፍል 2 ይሰነጠቃል። ጥቂት ጠጠር የአንድ ክፍል ልዩነት አመጣ። ብረት ለሌለው ቱቦ ደግሞ ስንጥቅ ማለት ስብራት ስለሆነ ውጤቱን በ1.5 ያባዙት።

ፕላስቲክ ቱቦ፦ ሌላ ጥያቄ

የፒቪሲ ቱቦ አይሰነጠቅም፤ ይጨፈለቃል። የሚጠየቀው ዲያሜትሩ ስንት በመቶ ይቀንሳል ነው፤ የተለመደው ገደብ 5 በመቶ ነው። መሐንዲሱ ስፓንግለር ያመጣውና ዋትኪንስ ያሻሻለው ቀመር እንዲህ ይጻፋል፦

መጨፍለቅ = 0.1 × (1.5 × የአፈር ግፊት + የጎማ ግፊት) ÷ (8 × የቱቦው ግትርነት + 0.061 × የአፈሩ ግትርነት)

1.5 አፈሩ ከዓመታት በኋላ የሚጨምረውን መጨፍለቅ ይወክላል። ኤስኤን 8 ቱቦ (ኤስኤን የቱቦው ግትርነት ደረጃ ነው፤ እዚህ 8 ኪሎፓስካል)፣ 1.2 ሜትር ሽፋን፣ በደንብ የተጠቀጠቀ አሸዋ (7000 ኪሎፓስካል)፦ 0.1 × (34.2 + 33.6) ÷ (64 + 427) = 1.4 በመቶ። ያው ቱቦ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ቢደፋበት (1400 ኪሎፓስካል)፦ 4.5 በመቶ። ወደ ኤስኤን 4 ብንወርድና ሙሌቱ ጥሩ ቢሆን 1.5 በመቶ፤ ሙሌቱ ልል ቢሆን 5.8። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሲያዩ ቱቦውን የሚያድነው የራሱ ውፍረት ሳይሆን ከጎኑ ያለው ጥቅጠቃ መሆኑ ይታያል። ወፍራም ቱቦ ገዝቶ ጎኑን ልል መተው ገንዘብን በተሳሳተ ቦታ ማዋል ነው። ኤስኤን 8 በልል ሙሌትና በ0.6 ሜትር ሽፋን 6.5 በመቶ ይደርሳል፤ ከገደቡ አልፏል።

ሜዳ ላይ የሚበላሸው

ቱቦው ገና ጥቂት አፈር ለብሶ ሳለ የንዝረት ሮለር ይወጣበታል። ከአናቱ በላይ 30 ሳንቲሜትር እስኪደርስ በቀላል መሣሪያ ከግራና ከቀኝ እኩል እየጠቀጠቁ ይምጡ፤ ከባድ ማሽን ሽፋኑ 0.9 ሜትር ሳይሞላ አያልፍ። የግድ ማለፍ ካለበት ማለፊያው ላይ ለጊዜው አፈር ይቆለል። የሽፋን ቁጥሩ ከመንገዱ በፊት ስንት እንደሆነ ካልተጻፈ ይህን የሚቆጣጠር ሰው አይኖርም።

ሌላው የመጋጠሚያው ሰፊ አፍ ነው። ለአፉ ከሥር ጉድጓድ ካልተቆፈረለት ቱቦው በሁለት አፎች ላይ እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል። ከዚህ በላይ የሠራነው ስሌት በሙሉ ቱቦው ርዝመቱን ሙሉ ተደግፏል ብሎ ስለሚጀምር እዚህ አይሠራም።

ካሜራ ገብቶ ስንጥቅ ሲያሳይ ቅርጹን ያንብቡ። በቱቦው ርዝመት የሄደ፣ ከውስጥ በአናቱና በወለሉ የታየ ስንጥቅ ቱቦው ከላይ ተጭኖ መጨፍለቁን ይናገራል፤ ሽፋኑን፣ የቦዩን ወርድና በላዩ ያለፈውን መልሰው ያስሉ። ቱቦውን እንደ ቀለበት የዞረ ስንጥቅ ግን የመታጠፍ ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ ወይም ያልተቆፈረለት አፍ አለ፣ ወይም ማንሆሉ አጠገብ መሬቱ ሰጥሟል። በመጀመሪያው ጠንካራ ክፍል ያለው ቱቦ ይረዳል፤ በሁለተኛው ግን መደላድሉ ካልተስተካከለ አዲሱም ቱቦ እዚያው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።